የተራኪው ወንበር፤ የሚና ጨዋታ ቤቶች የዓለም አፈጣጠር በንጽጽር ሲታይ

አንድ ኪነ ጥበብ ከሌላው የሚለየው በሚጠቀምበት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹን በሚያስቀምጥበት ስፍራም ጭምር ነው። የልብ ወለድ አንባቢ ከታሪኩ ውጭ ሆኖ ያነባል፤ የቲያትር ተመልካች ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል። የሚና ጨዋታ በተባለው ዘርፍ ግን ተመልካቹ ራሱ ከገጸ ባሕርያቱ እንደ አንዱ ሆኖ ወደ ታሪኩ ይገባል፤ ይናገራል፣ ይመርጣል፣ ይሳሳታል፣ የመረጠውንም ውጤት ይቀበላል። ይህ ዘርፍ በግማሽ ምዕተ ዓመት ዕድሜው ከጥቂት ወዳጆች ጠረጴዛ ተነሥቶ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚሳተፍበት ለመሆን በቅቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘርፉን ታሪክ ከነዝርዝሩ መተረክ ሳይሆን፣ ታላላቅ የጨዋታ ቤቶች ዓለምን ለመፍጠር የተከተሏቸውን መንገዶች በማነጻጸር እያንዳንዱ መንገድ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስከፈለ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በ1974 በአሜሪካ አገር፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘ ጨዋታ ታተመ። ሁለቱም ቀደም ሲል በትንንሽ ምስሎች የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ የነበሩ ናቸው። ያመጡት አዲስ ነገር ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙን ትቶ የአንድ ሰው ሕይወት እንዲይዝ ማድረጋቸው ነው። በጠረጴዛው ራስ አንድ አጫዋች ይቀመጣል፤ አገሩን የሚገልጸው፣ በወዳጅም በጠላትም አፍ የሚናገረው፣ ሕጉንም የሚተረጉመው እርሱ ነው። ተጫዋቹ በሩን መስበሩን ትቶ ዘበኛውን በገንዘብ ልደልል ቢል፣ የሕጉ መጽሐፍ ስለዚህ ምንም ባይልም አጫዋቹ በዚያው ቅጽበት መልስ ይፈጥርለታል። እንግዲህ የሚና ጨዋታ ዓለም ከመነሻው የቆመው በካርታና በሒሳብ ብቻ ሳይሆን፣ ሰምቶ በሚመልስ ሕያው ሰው ላይ ነበር።

ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው ሽግግር አልዘገየም። በ1975 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕላቶ በተባለው የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ተጻፉ። ከነዚህ አንዱ የትምህርት ፋይል እንዲመስል «ፔዲት 5» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር፤ የመሣሪያው ተቆጣጣሪዎች ግን ደርሰውበት ደመሰሱት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከዘርፉ ተለይቶ አያውቅም፤ ይኸውም ማሽን እንደ ሰው ሰምቶ መመለስ የማይችል ከሆነ፣ ባዶ የቀረው የተራኪው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ? የሚለው ነው። የጨዋታ ቤቶች ልዩነት በጥልቅ ሲመረመር፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

በ1981 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ለገበያ ቀረቡ። አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ የጻፉት፣ ሰር-ቴክ ያሳተመው «ዊዛርድሪ» በወንበሩ ላይ ያስቀመጠው ሕግን ነው። ስድስት ጓዶች ዐሥር ደርብ ወዳለው የምድር ውስጥ ዋሻ ይወርዳሉ፤ ጓዶቹ ቢሞቱ ሞታቸው ወዲያውኑ በዲስኩ ላይ ይመዘገባል። ታሪኩ እጅግ ጥቂት ነው፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ ለማንም አያዳላም።

በሌላ በኩል ሪቻርድ ጋሪየት «አልቲማ» ብሎ የሰየመውን ሰፊ አገር አቀረበ። በ1983 ኦሪጅን ሲስተምስ የተባለውን ቤት ከመሠረተ በኋላ፣ በ1985 በወጣው አራተኛው ክፍል ማንም ያልደፈረውን አደረገ። በዚህ ጨዋታ በመጨረሻ የሚገደል ታላቅ ጠላት የለም። ተጫዋቹ የሚጣጣረው ሐቀኝነትን፣ ርኅራኄን፣ ጀግንነትን፣ ፍትሕን፣ መሥዋዕትነትን፣ ክብርን፣ መንፈሳዊነትንና ትሕትናን በራሱ ላይ ለማሳደር ነው። ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ዐይነ ስውር ሴት አለች፤ ተጫዋቹ ከዋጋው አሳንሶ ቢከፍላት በወቅቱ የሚከለክለው የለም፤ ጨዋታው ግን በልቡ መዝግቦ ይይዝበታል። ስለዚህ በኦሪጅን ቤት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኅሊና ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው መልስ የመጣው ከጃፓን ነው። ዩጂ ሆሪ የሁለቱም የአሜሪካ ጨዋታዎች ወዳጅ ነበር፤ ሆኖም የአገሩ ልጆች ያንን ሁሉ የሕግ ብዛት ሊሸከሙ እንደማይፈልጉ ተረድቶ፣ በ1986 በኤኒክስ አሳታሚነት «ድራገን ክዌስት»ን አወጣ። ሥዕሉን አኪራ ቶሪያማ፣ ሙዚቃውን ኮይቺ ሱጊያማ ሠሩት። መላው ሥራ የተቀመጠበት ካርትሪጅ 64 ኪሎባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ሆሪ ከ«ዊዛርድሪ» የውጊያውን አኳኋን፣ ከ«አልቲማ» የአገሩን ስፋት ወስዶ ሁለቱንም አቀለላቸው። በቀጣዩ ዓመት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ በስኩዌር ቤት «ፋይናል ፋንታሲ»ን አስከተለ። ሁለቱ ቤቶች በ2003 እስኪዋሐዱ ድረስ በየበኩላቸው ያጎለመሱት ባህል ወንበሩን ለደራሲው የሰጠ ነው። ታሪኩ አስቀድሞ የተጻፈ፣ መጨረሻውም በአብዛኛው የተወሰነ ነው። ተጫዋቹ ነጻነቱን ይቀንሳል፤ በምትኩ የድርሰትን ቅንብር፣ ለቅሶውንና ሣቁን በጊዜው ያገኛል።

በአሜሪካ ደግሞ ስፋትን ዋና ግቡ ያደረገ ቤት ተነሣ። ክሪስቶፈር ዊቨር በ1986 በሜሪላንድ ግዛት የመሠረተው ቤተስዳ፣ በ1994 «አሪና»ን፣ በ1996 «ዳገርፎል»ን አወጣ። «ዳገርፎል» ከ15 ሺህ የሚበልጡ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች የያዘ፣ ከታላቋ ብሪታንያ ስፋት ጋር የሚወዳደር አገር ነበር። ይህን ሁሉ የሰው እጅ አልሠራውም፤ አብዛኛውን ያበጀው የሒሳብ ቀመር ነው። ውጤቱ አስደናቂም አስተዛዛቢም ሆነ። ተጫዋቹ አንዱን መንደር አይቶ ሌላው መንደር ሲደርስ ያው ቤት፣ ያው ገበያ፣ ያው ንግግር ይጠብቀዋል። አገሩ አያልቅም፤ ግን የሚናፈቅ ሥፍራ ያንሰዋል።

ቤቱ ከዚህ የተማረው በ2002 በወጣው «ሞሮዊንድ» ታየ። በቶድ ሃዋርድ መሪነት የተሠራው ይህ ጨዋታ አገሩን ወደ አንዲት ደሴት አጠበበና እያንዳንዱን ኮረብታና ጎጆ በሰው እጅ አስቀመጠ። ከዚህም በላይ ደሴቲቱን በመጻሕፍት ሞላት። ተጫዋቹ መደርደሪያ ላይ የሚያገኛቸው እነዚህ መጻሕፍት በሐሳባዊው አገር ሰዎች የተደረሱ ናቸው፤ ደራሲዎቹም አንዱ ከሌላው ይጣላሉ። ኔሬቫር የተባለው የጥንት ጀግና እንዴት እንደ ሞተ ቤተ መቅደሱ የሚናገረው አንድ ነው፣ ተቃዋሚዎቹ የሚናገሩት ሌላ ነው፤ ጨዋታውም እውነቱ ይህ ነው ብሎ አይፈርድም። እንደ እኛ ዓለም ሁሉ ታሪክ የሚጻፈው ጥቅም ባላቸው ሰዎች መሆኑን ተጫዋቹ ያለ ሰባኪ ይረዳል። ቤቱ ጨዋታውን የሠራበትን መሣሪያ ለኮምፒዩተር ተጫዋቾች አብሮ ስለ ሰጠ፣ አያሌ ሰዎች በደሴቲቱ ላይ የራሳቸውን ቤትና ታሪክ ጨመሩ። ቤተስዳ በወንበሩ ላይ ያስቀመጠው ምድሩን ራሱን ነው፤ ተጫዋቹ እንዳሻው ይዞራል፣ ምድሩም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ በ2011 በወጣው «ስካይሪም» ውስጥ ተጫዋቹ የበርካታ ማኅበራት አለቃ ሆኖ ሳለ የከተማው ዘበኛ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሊያነጋግረው ይችላል። ብዙ መሥራት ይፈቀዳል፤ የተሠራው ግን ዓለሙን እምብዛም አይለውጠውም።

ባዮዌር ከዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ። በ1995 በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ የመሠረቱት ሬይ ሙዚካ፣ ግሬግ ዘስቹክና አውጉስቲን ይፕ ሦስቱም የሕክምና ዶክተሮች ነበሩ። በ1998 «ባልደርስ ጌት»ን ሲያወጡ ዓለሙን አዲስ አልፈጠሩትም፤ ኤድ ግሪንዉድ ለ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ካዘጋጀው ዓለም ተዋሱት። ድካማቸውን ያዋሉት በጉዞ ጓዶች ላይ ነው። በ2000 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ጓዶቹ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፣ ይዋደዳሉ፣ በመሪያቸው ሥራ ተቆጥተው ጥለው ይሄዳሉ። በዚህ ቤት አገር የሚታወቀው በካርታ ሳይሆን ከዚያ አገር በመጣ ወዳጅ አንደበት ነው። ይህ መንገድ ከ2007 እስከ 2012 በሦስት ክፍል በቀረበው «ማስ ኢፌክት» ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በአንደኛው ክፍል የተወሰነ ውሳኔ በሦስተኛው ድረስ ይከተል ነበርና። ሆኖም የተገባው ቃል ከአቅም በላይ ሆነ። መደምደሚያው የአምስት ዓመት ምርጫን በጥቂት አማራጮች ሲያሳጥር ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቤቱም በዚያው በ2012 የተራዘመ መደምደሚያ በነጻ ለማውጣት ተገደደ። በልብ ወለድ ታሪክ አንባቢዎች ደራሲን መውቀሳቸው የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ወቃሾቹ ራሳቸውን የታሪኩ ባለድርሻ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ተሳስተዋል ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም እንዲያ ብለው እንዲያስቡ ያስተማራቸው ቤቱ ራሱ ነው።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው አንድ ዓለም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። በ1997 ቲም ኬይንና ባልደረቦቹ በኢንተርፕሌይ ቤት የሠሩት «ፎልአውት» በኑክሌር ጦርነት የወደመችውን ካሊፎርኒያ ያሳያል። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ታላቁን ጠላት በጥይት ሳይሆን በማስረጃ ሊያሸንፈው ይችላል፤ ሊያስፋፋው ያሰበው አዲስ ዘር መውለድ እንደማይችል ቢያረጋግጥለት ጠላቱ ዓላማው ከንቱ መሆኑን ተረድቶ ራሱን ያጠፋል። ጨዋታው ሲያበቃም ተጫዋቹ ያለፈባቸው ሥፍራዎች ዕጣ በየተራ ይነገራል። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው እንግዲህ መዘዝ ነው። የኢንተርፕሌይ ክፍል የነበረው ብላክ አይል ይህን መንገድ በ1998 በሁለተኛው ክፍል ቀጠለበት፤ በ2003 ግን ተዘጋ። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት ኦብሲዲያንን መሠረቱ።

የ«ፎልአውት» ባለቤትነት በ2007 ወደ ቤተስዳ ተሻገረ። በ2008 የወጣው ሦስተኛ ክፍል የዋሽንግተንን ፍርስራሽ ለእግረኛ ዐይን የተዘጋጀ ምድር አደረገው፤ በየቤቱ ያሉት አጽሞችና የተበተኑ ዕቃዎች የሟቾቹን የመጨረሻ ሰዓት ያለ ቃል ይተርካሉ። በ2010 ኦብሲዲያን በቤተስዳ ፈቃድና በቤተስዳው መሣሪያ «ኒው ቬጋስ»ን ሠራ። መሣሪያው አንድ፣ ዓለሙም አንድ ሆኖ ሳለ የተጠየቀው ጥያቄ ተለየ። በዚህኛው ኃይላት ስለ ሁቨር ግድብ ይፋለማሉ፤ ተጫዋቹ አንዱን ሲደግፍ ሌላውን ያስቀይማል፤ ንጹሕ እጅ ይዞ የሚወጣም የለም። ቤተስዳ ፍርስራሹን የጠየቀው እዚህ ምን ሆነ? ብሎ ነው፤ ኦብሲዲያን የጠየቀው ከዚህ በኋላ ማን ይግዛ? ብሎ ነው። የዓለም አፈጣጠር ከመሣሪያ ይልቅ በጥያቄ እንደሚወሰን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በመጨረሻ፣ ወንበሩን ሆን ብሎ ባዶ የተወ ቤት አለ። በጃፓን የሚገኘው ፍሮም ሶፍትዌር በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት በ2009 «ዲመንስ ሶልስ»ን፣ በ2011 «ዳርክ ሶልስ»ን ሲያወጣ፣ ታሪኩን ሰባብሮ በሰይፍና በቀለበት መግለጫዎች፣ በሐውልት አቀማመጥ፣ በዝምታም ውስጥ ደበቀው። የሰምና ወርቅን ጥበብ ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንበትም፤ ላይ ላዩን የሚታየው ውጊያ ነው፣ ቆፍሮ ለሚፈልግ ግን ከሥሩ የነገሥታት ውድቀት አለ። ቆፋሪው የሚያገኘውን እንደ ራሱ ግኝት ይወደዋል።

ከላይ ከታዩት መንገዶች የትኛው ይበልጣል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የአንድ ዓለም መለኪያ ስፋቱ አይደለም የሚል ነው፤ የ«ዳገርፎል» 15 ሺህ ሥፍራዎች ካንዲት ዐይነ ስውር ነጋዴ ጋር ሲመዘኑ ቀልለው ይገኛሉ። መለኪያው ተጫዋቹ ለጠየቀው ጥያቄ ዓለሙ የሚሰጠው መልስ ነው። በ2023 ላሪያን የተባለው የቤልጅግ ቤት ባወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ውስጥ ተጫዋቹ በሩን ሰብሮም፣ አታልሎም፣ ተለማምጦም እንዲያልፍ መፈቀዱ፣ ዳይሱም በዐይኑ ፊት መንከባለሉ፣ ዘርፉ ወደ ሌክ ጄኔቫው ጠረጴዛ ለመመለስ ያለውን ናፍቆት ያሳያል።

ነገር ግን በጠረጴዛውና በማሽኑ መካከል አንድ ልዩነት ጸንቶ ይኖራል። የጠረጴዛው ዓለም የተጫዋቾቹ ነበር፤ ሊወስድባቸው የሚችል አልነበረም። የጨዋታ ቤት ዓለም ግን ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይዘጋል። ኦሪጅን በ1992 ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ተሽጦ በ2004 ተዘጋ፤ ባዮዌርም በዚሁ ኩባንያ ሥር ከገባ ቆይቷል። ኦብሲዲያንን ማይክሮሶፍት በ2018፣ ቤተስዳን ደግሞ በ2021 ስለ ጠቀለላቸው፣ ስለ አንድ ፍርስራሽ ሁለት ጥያቄ የጠየቁት ቤቶች ዛሬ የአንድ ጌታ ናቸው። ወንበሩ ላይ ሕግ፣ ኅሊና፣ ደራሲ፣ ምድር፣ ወዳጅ፣ መዘዝ ወይም ዝምታ ቢቀመጥ፣ ወንበሩን የገዛው ሌላ ነው። የኢሊኖይ ተቆጣጣሪዎች «ፔዲት 5»ን በደመሰሱ ጊዜ የጠፋው ጥቂት ሰዎች የሚያውቁት አንድ ዋሻ ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ቤት ሲዘጋ ግን አያሌ ሰዎች የኖሩበት አገር አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን አገር ከመጻሕፍትና ከፊልሞች እኩል ቅርስ ብሎ መጠበቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።