ቪንቴጅ

የቃሉ ሥር የወይን አዝመራ ነው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የወይን ለቀማን፣ ኋላም ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት ያመለክት ነበር። በልብስ ገበያ ግን በተለምዶ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው፣ የዘመኑ መልክ ላልጠፋበት ልብስ ይሰጣል። የ1950ዎቹን ፋሽን (እ.ኤ.አ.) አስመስሎ ትናንት የተሰፋ ቀሚስ «ሬትሮ» ይባላል እንጂ ቪንቴጅ አይደለም።

ሁለቱን ለመለየት ቀሚሱን ገልብጦ ማየት ነው። የ1950ዎቹ የአሜሪካ ቀሚስ ዚፕ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ የናይለኑ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። በተሰፋበት የሠራተኛ ማኅበር ምልክት ላይ «ኤኤፍኤል-ሲአይኦ» የሚል ካለ ልብሱ ከ1955 አይቀድምም፤ ኤኤፍኤልና ሲአይኦ የተባሉት የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት የተዋሐዱት በዚያ ዓመት ነውና። የአስተጣጠብ መመሪያ ከተሰፋበት ደግሞ ይጠርጥሩ፤ አሜሪካ ይህን ግዴታ ያደረገችው በ1972 ነው።

አያያዙም እንደ ጨርቁ ነው። ሬዮን ሲርስ ስለሚደክም አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን ማስመጠጥ ይበቃል። አሴቴትን አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያሟሟዋል። ከባድ ቀሚስ በሽቦ መስቀያ ላይ ከዋለ ትከሻው ስለሚለጠጥ አጥፎ ማስቀመጥ ይሻላል።