ከተከዜ ዳር የተመለሰ ሕመም

በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ የጣልያን አይሮፕላኖች በተከዜ አጠገብ በነበረው በልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ላይ በርሚል የሚመስል ነገር ጣሉ። ምድር ሲነካ ተሰብሮ የረጨው ፈሳሽ ያገኛቸው ሰዎች እጃቸው፥ እግራቸውና ፊታቸው ውኃ ቋጠረ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። ይህ መርዝ ኢፕሪት ነው። ሰናፍጭ መባሉ ስለ ሽታው ነው እንጂ ከሰናፍጭ ዘርስ ዝምድና የለውም።

ስለዚህ ጦር ሲነገር የሞቱት ይቈጠራሉ፤ ተርፎ ወደ ቤቱ የተመለሰውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። መርዙ በልብስ ላይ ስለሚቈይ ቍስለኛውን የምታስታምም ሚስት ሸማውን በመንካት ብቻ ልትመረዝ ትችላለች። የተቃጠለ ሳንባ ዕድሜ ልክ ያስላል፤ የዳነ የመሰለ ዓይንም ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሊታመምና ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ አባት ሞፈር መያዝ ተስኖት ልጁ በበትር ሲመራው፥ ያልዘመተው የዘመቻውን ዕዳ ይከፍል ነበረ።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ በዘረት ዋሻ የሆነው ደግሞ ይከፋል፤ ከአርበኞች ጋራ የተጠጉ ሴቶችና ሕፃናት በዚያው መርዝ ተጠቁ።

ጣልያን በመርዝ እንዳይዋጋ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ፈርሞ ነበረ። መንግሥቱ ለብዙ ዘመን ሲክድ ኖሮ የመከላከያ ሚኒስትሩ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ በተከዜው ዓመት የተወለደ ሕፃን ያን ጊዜ የ60 ዓመት ሽማግሌ ነበረ።