የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን ማን ይችላል?

የአንድ አገር ምክር ቤት ምን ዓይነት ሕግ እንደሚያወጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው፤ በወንበሩ እንዲቀመጥ የተፈቀደለት ማን፤ የተከለከለውስ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። የአገራችንም ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መካከል ይሾሙ ነበር። የሕግ መምሪያውን አባሎች ደግሞ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፤ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ስለዚህ የደንዲ ገበሬ በዚያን ጊዜ መራጭም ተመራጭም አልነበረም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ግን፤ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ለመመረጥ የሚሻው ደግሞ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፤ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው፤ በምርጫው ክልል የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የንብረቱንም መጠን የምርጫው ሕግ ወስኖታል፤ ይኸውም 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ነበር።

ይህ ሕግ ለሴቶች በሩን አልዘጋም። በዚሁ በአምቦ መንገድ ላይ በምትገኘው በአዲስ ዓለም የተወለዱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆነዋል። በሩ የተዘጋው በድኻው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ደንዲን በሚያጠቃልለው በጅባትና ሜጫ አውራጃ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበርና፤ ድምፅ ለመስጠት ቢችልም ለመመረጥ የሚያበቃ ንብረት ከየት ያመጣል?

የንብረት ደንብ ደጋፊዎች፤ ሀብት ያለው ሰው ለአገሩ ያስባል፤ በጉቦም አይደለልም ይላሉ። ነገር ግን ይህንኑ ደንብ ቀድሞ ይዛ የነበረችው እንግሊዝ እንኳ በ1858 እ.ኤ.አ. ትታዋለች። በአገራችንም ውጤቱ ታይቷል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ፤ በኋላም የባለ መሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፤ ባለ መሬቶች የበዙበት ምክር ቤት ረቂቁን ሳያጸድቅ ቀረ። ምክር ቤቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ጭሰኝነትም በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የቀረው በእንደራሴዎች ውሳኔ ሳይሆን በወታደራዊው መንግሥት ዐዋጅ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ለተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ የንብረት ደንብ አልነበረም። ሆኖም ዕጩዎቹ የሚቀርቡት በብቸኛው ፓርቲና በሥሩ ባሉት ድርጅቶች በኩል ስለ ነበር፤ የገንዘቡ በር ሲከፈት የፓርቲው በር ተተካ።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ የወጡት የምርጫ ሕጎች ንብረትን አይጠይቁም። መራጩ 18 ዓመት፤ ዕጩው 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዛሉ፤ ዕጩው የሚወዳደርበትን ክልል የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅም ይጠይቃሉ። በደንዲ ይህ አፋን ኦሮሞ ነው፤ እንደራሴው የሽማግሌውን አቤቱታ ያለ አስተርጓሚ መስማት ይገባዋልና። የመምረጥ መብቱ በሕግ የተገደበበት ሰውም ለዕጩነት አይቀርብም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ክልከላ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ዕድሜን፤ ነዋሪነትንና ቋንቋን የሚመለከት ደንብ እንደራሴውን ከሕዝቡ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ሀብትን ወይም የፓርቲ ፈቃድን የሚመለከት ደንብ ግን ሕዝቡን ከገዛ ምክር ቤቱ ያስወጣዋል። እኛ የ18 ዓመት ወጣቶች ዛሬ መምረጥ እንችላለን፤ ለመመረጥም 3 ዓመት ብቻ ይቀረናል። ስለዚህ አዲስ የምርጫ ደንብ በወጣ ቁጥር «ይህ ደንብ በውጭ የሚያስቀረው ማንን ነው?» ብለን መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ።