ቪኤችኤስ፦ የሠርግ ቪዲዮ ያለበት ያ ጥቁር ካሴት ከየት መጣ? ለምንስ ጠፋ?

ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አቧራ የለበሰ የቪዲዮ ካሴት አላችሁ? የወላጆቻችሁ ሠርግ ያለበት ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው አንብቡት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 አጀማመሩ
ቪኤችኤስን በ1976 ያወጣው ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ሶኒ ግን በ1975 ቤታማክስ የተባለውን ካሴት ይዞ ቀድሞት ነበር። የሁለቱም ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሆኖም የአንዱ ካሴት በሌላው ዴክ አይሠራም። ገዢው አንዱን መምረጥ ነበረበት።

🔹 ለምን አሸነፈ?
ብዙዎች “በምስል ጥራት ቤታማክስ ይሻላል” ይሉ ነበር። ችግሩ፣ የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት የሚቀዳው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ቪኤችኤስ 2 ሰዓት ይዞ መጣ፤ አንድ ፊልም ሳይቆረጥ ይገባል ማለት ነው። ጄቪሲ ፈቃዱን ለሌሎች አምራቾችም ስለሰጠ ዴኩ በገበያ በዛ፣ ዋጋውም ወረደ። ካሴት አከራዮችም ወደ በዛው አዘነበሉ። በ1988 ሶኒ ራሱ የቪኤችኤስ ዴክ ማምረት ጀመረ።

🔹 ፍርድ ቤት
የሆሊውድ ኩባንያዎች “ከቴሌቪዥን መቅዳት ስርቆት ነው” ብለው ሶኒን ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984፣ በ5 ለ 4 ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ በኋላ ለማየት መቅዳቱ ጥፋት አይደለም ሲል ወሰነ።

🔹 ፍጻሜው
ዲቪዲ በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ማጠንጠን የለ፣ የሚበጠስ ክር የለ! የመጨረሻው የዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 ማምረት አቆመ። ምክንያቱ ገዢ መቀነሱና መለዋወጫ መጥፋቱ ነው።

🔹 ዛሬ ምን እናድርግ?
እኛም አገር ቪዲዮ ቤቶች የሠሩት፣ የስንቱ ሠርግና ክርስትና የተቀረጸው በዚሁ ካሴት ነው። ምስሉ ያለው በፕላስቲክ ክር ላይ በተጣበቀ የማግኔት ዱቄት ላይ ነው። ሙቀትና እርጥበት ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ክሩም ይሻግታል።

✅ ካሴቱን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ አቁማችሁ አስቀምጡ
✅ ከሻገተ ዴክ ውስጥ አታስገቡት፤ ክሩንም ዴኩንም ያበላሻል
✅ የሚሠራ ዴክ ያለው ባለሙያ ፈልጋችሁ ወደ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ አስገልብጡ፤ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ

አዲስ ዴክ የሚያመርት የለም፤ ያሉትም እያረጁ ነው። ካሴቱ ቢኖር እንኳ የሚያጫውተው ከጠፋ ምን ዋጋ አለው? ዛሬውኑ እናታችሁን “ካሴቱ የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።