እድር ለቁም

ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ቤት ሐዘን ሲገባ ሥራው ሳይታዘዝ ይሠራል። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊ አለ፤ የቀረ ይቀጣል። አሁን ደግሞ ሌላ ቤት አስቡ፤ ስምንት ዓመት ሞልቶት ገና ያልተራመደ ልጅ ያለበት ቤት። እናቱ አዝላው ወንዝ ትወርዳለች፣ አዝላው ገበያ ትወጣለች፣ አዝላው ጸበል ትሄዳለች። ልጁ ቢሞት አገሩ ሁሉ ይመጣል። በቁሙ ግን አልፎ አልፎ ጎረቤት ብቅ ይልና «እግዜር ይማርልሽ» ብሎ ይሄዳል።

ለምን እንዲህ ሆነ? «ሰዉ ጨካኝ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም። ለቀብር እርሻውን ጥሎ የሚወጣ ሰው ጨካኝ አይደለም። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ስመለከተው የታየኝ ሌላ ነገር ነው። በጋይንት መረዳጃ ጠፍቶ አያውቅም፤ ግን እያንዳንዱ መረዳጃ የራሱ ወንፊት አለው። አካል ጉዳት ያለበት ልጅና እናቱ ደግሞ በየዘመኑ በወንፊቱ ቀዳዳ ሲያልፉ ኖረዋል። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንቱ ልጀምር። ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ደርሶባት ለውጭው ዓለም አስተዋወቃት፤ ለአገሩ ተማሪ ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት የመንገዱ መጨረሻ ነበረች። በእነዚህ ጉባኤዎች ብራና ውድ ስለነበር ዋናው ትምህርት በጆሮ ገብቶ በቃል ይያዛል። ይህ ነገር ሳይታሰብ ለአንድ ዓይነት ልጅ በር ከፈተ፤ ማየት ለተሳነው። እንደ ሌላው ተማሪ አኮፋዳ ይዞ ቁራሽ ይለምናል፤ ሁሉም ስለሚለምን ልመናው አያሳፍርም። ከጓደኞቹ አንዱ ዱላውን ይዞ ይመራዋል። ጎጆ አለው፣ መምህር አለው፣ ሲጨርስም ሙያ አለው። ዐይነ ስውር የኔታ ማየት በአገራችን ብርቅ ያልሆነው ለዚህ ነው። ደቡብ ጎንደር ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትራኮማ በዓለም ላይ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነበርና፣ ያ በር ቀላል በር አልነበረም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ምግብ፣ መጠለያ፣ አጋዥ፣ ትምህርት፣ ሙያ። ዛሬ በፕሮጀክት ወረቀት ላይ «የተቀናጀ ድጋፍ» የሚባለው ነገር በጋይንት ኮረብታ ላይ ያለ ወረቀት ይሠራ ነበር። ወንፊቱ ግን ጠባብ ነው። ሴት ልጅ አታልፍም። መስማት የተሳነው አያልፍም፤ ትምህርቱ ድምፅ ነውና። እግሩ ያልጸና አያልፍም፤ ተማሪ ቤት ከአገር አገር በእግር የሚዞሩበት ነውና። አእምሮው ዘግይቶ የሚያድግም አያልፍም፤ መግቢያው ትዝታ ነውና።

እነዚህ ልጆች የት ቀሩ? ቤት። ቤቱን የሚረዱት ደግሞ ወንፈልና ደቦ ነበሩ። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ ዛሬ የእኔን አረም ታርሙልኛላችሁ፣ ነገ የእናንተን አርማለሁ። ልጅ ጥላ መውጣት የማትችል እናት ብድሩን በምን ትመልሳለች? አንዴ ትቀበላለች፣ ሁለቴ ትቀበላለች፣ በሦስተኛው ራሷ ታፍርና ትቀራለች። ማንም አላባረራትም። ልጁን ቤት ዘግታ ትወጣለች ተብላ የምትታማው እናት፣ ብዙ ጊዜ ልጇን የደበቀች ሳትሆን ተራዋን መመለስ ያቃታት ናት።

መንግሥት ወደ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባውም ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። በንጉሡ ዘመን የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ ፖሊዮ እግራቸውን ለያዛቸው ሕፃናት የቼሻየር ቤት መናገሻ ላይ ተከፈተ። መስማት ለተሳናቸው ልጆችም ሚሲዮኖች በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ማስተማር ጀመሩ። ከጋይንት ሆኖ ሲታይ እነዚህ ሁሉ ሌላ አገር ናቸው። ከዚያ በ1963 በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ቆመ። የትእዛዙ ትርጓሜ ግን ቆም ብሎ ማንበብ ይፈልጋል። አካል ጉዳተኛ ማለት በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት እንጀራውን ማግኘት የማይችልና ደጋፊ የሌለው ሰው ነው ይላል። ደጋፊ የሌለው! እናት ያለው ልጅ ደጋፊ አለው። ስለዚህ የለም። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ስትሸከመው መዋሏ ራሱ ልጁን ከመዝገቡ አወጣው።

ይህ የድሮ ወረቀት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ1997 ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በፕሮግራሙ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ፤ የ1966ን እና የ1977ን ረሀብ ላየ አገር ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩ ሁለት መስመር አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሂሳብ። የሚሠራ ጉልበት የሌለው ቤት ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። አረጋዊ ብቻውን ከሆነ፣ አካል ጉዳተኛ ብቻውን ከሆነ መስመሩ ግልጽ ነው። ግን ጉልበት ያላት እናትና የማይራመድ ልጅ ያሉበትን ቤት የት እናስቀምጠው? በወረቀት ላይ እናትየዋ ጉልበት ናት። በእውነት ግን ጉልበቷ በልጁ ተይዟል። የተረዱ የቀበሌ ሰዎች ያሉበት ቦታ ነገሩ ይታያል፤ በሌለበት ልጇን አዝላ ድንጋይ ታቀብላለች። በ1963ም በ1997ም ጥያቄው አንድ ነበር። የሸከመው ሰው ሸክም ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

በሕግ በኩል ከሄድን እጃችን ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። በ2002 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አጽድቃለች። ግን ሕግ ከንፋስ መውጫ ዳገት ላይ ብቻውን አይወጣም፤ የሚያወጣው ሰው ይፈልጋል።

ያን ሰው ያገኘነው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከጎንደር ነው። ከአልማ አታው ጉባኤ ከእ.ኤ.አ. 1978 በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት «ልጁ ወደ ማዕከል ከሚመጣ ሙያው ወደ ቤቱ ይሂድ» የሚል አካሄድ ማስፋፋት ጀመረ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ይባላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ሥራ በአካባቢው ጀመረ። ሠራተኛው ቤት ድረስ ይሄዳል፤ እናትየዋን እጅና እግር ማፍታታት ያሳያታል፤ በባሕር ዛፍ እንጨት መቆሚያና መለማመጃ ይሠራል፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። ከቤተልሔሙ ጉባኤ ጋር ስታነጻጽሩት አዲስ ነገር ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እዚህ ልጁ አይመረጥም።

ሁለተኛው ከወላጆች ነው። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ዘሚ ዛሬ በሕይወት የለችም። ከሥራዋ ሁሉ ትልቁ ለእኔ ሕንፃው አይደለም፤ በአደባባይ ወጥታ «የእኔ ልጅ እንዲህ ነው» ማለቷ ነው። ያን የሰማች ሌላ እናት ብቻዋን እንዳልሆነች አወቀች፤ ማዕከሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ማኅበርም በወላጆች ነው የተመሠረተው። የዚህ አገልግሎት ታሪክ ባብዛኛው እርስ በርስ የተገናኙ ወላጆች ታሪክ ነው።

ንፋስ መውጫ ላለች እናት ታዲያ መንገዱ ዛሬ ምን ይመስላል? ከቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጀምራል። ከዚያ የወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ስለ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ትምህርት ቤት ላይ የልዩ ፍላጎት መምህር መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል። ሆስፒታሉ ሪፈር ሲጽፍ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፤ ሰው ሠራሽ እግርና የእግር ድጋፍ የሚሠራው የአካል ተሃድሶ ማዕከል እዚያ ነው። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ጎንደር። ባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቻይኖች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ባይኖር ይህም አይታሰብም ነበር፤ ቢሆንም ልጅና አስታማሚ ሲኬድ ትራንስፖርት ሁለት ነው፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ቤት የቀሩ ልጆች አሉ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ከተማዋን ሲይዛት ጤና ተቋሞቿ ተዘርፈዋል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ አገልግሎት ላይ ብቻ የተንጠለጠለች እናት፣ መኪና በቆመ ቁጥር ትቆማለች።

ለዚህ ነው እድር ላይ የምመለሰው። እድር አይለወጥም የሚል ሰው 1990ዎቹን ያስታውስ። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ እድሮች በየሳምንቱ ድንኳን ተከሉ፤ ካዝናቸው ተራቆተ። ያኔ አዲስ አበባ ላይም በሌሎች ከተሞችም ብዙ እድሮች ደንባቸውን ከፍተው «ለቀብር ብቻ» የሚለውን አሰፉት። የታመመ መጠየቅ፣ አስታማሚ መመደብ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ ማስተማር ገባበት። መጽሐፉ ያው፣ ጸሐፊው ያው፣ ቅጣቱ ያው፤ የተጨመረው ጥቂት መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ እድር ለሞት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገውም ጥቂት መስመር ነው። አንድ፣ በአባላቱ ቤት ስንት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ይመዝገብ፤ ሰው ያልቆጠረው አይረዳም። ሁለት፣ በሳምንት ግማሽ ቀን አባላት በተራ ልጁን ይጠብቁ፣ እናትየዋ እርሻዋን ወይ ገበያዋን ትድረስ፤ ይህ ወንፈል ብድሩ የማይጠየቅበት ይሁን። ሦስት፣ ለሪፈር መሄጃ የትራንስፖርት ገንዘብ ከካዝናው ይመደብ። አራት፣ የሴፍቲኔት ምልመላ ሲሆን የእድሩ ዳኛ ከእናትየዋ ጋር ቆሞ «የዚህች ሴት ጉልበት ተይዟል» ብሎ ይመስክር። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ተረት በየስብሰባው እንጠቅሰዋለን። እዚህ ላይ ተረት አይደለም፤ የሰው ልጅ ክብደት ነው፣ የአንዲት ሴት ወገብ ነው።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ከተማ ሆናችሁ የወላጆቻችሁን የእድር መዋጮ በስልክ የምትልኩ ናችሁ። ከፋይ ድምፅ አለው። ለቀጣዩ ጠቅላላ ስብሰባ ገንዘቡን ስትልኩ አብራችሁ አንድ ጥያቄ ላኩ፤ በእድራችን ስንት ልጅ አለ፣ ማን ነው የሚሸከመው?