በስብራት ውስጥ ያለ ሸክላ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዴት ይለውጣል?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ለስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ቅርብ በሆነው አቃቂ ቃሊቲ ጉዳዩ የአርሶ አደሩም የከተማ ነዋሪውም ጥያቄ ነው። አንዱ ስብራት በድንገት ሲንሸራተት ሌላው ለምን ቀስ እያለ ይጓዛል? ከምክንያቶቹ አንዱ በስብራቱ ውስጥ የሚገኘው የሸክላ ማዕድን ነው።

የመሬት ስብራት ማለት ሁለት የአለት አካላት እርስ በርስ የሚፋተጉበት ገጽ ነው። ግፊት ለረጅም ዘመን ይጠራቀማል፤ ሰበቃው ሲሸነፍ አለቱ ይንሸራተታል፤ መሬትም ይንቀጠቀጣል።

የኖራ ድንጋይና ሸክላ

የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ፣ በሙገርና በድሬዳዋ አካባቢ ይገኛል። ሰበቃው ጠንካራ በመሆኑ ብዙ ግፊት ይሸከማል፤ በጥልቀት ሙቀት ውስጥ መንሸራተት ሲጀምር ግን ሰበቃው ይቀንሳል፤ የተጠራቀመውም ጉልበት በድንገት ይለቀቃል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በጣሊያን ኖርቺያ የደረሰው፣ መጠኑ 6.5 የሆነ መንቀጥቀጥ የኖራ ድንጋይ በበዛበት ተራራማ ምድር የተነሣ ነው።

በኖራ ድንጋዩ መካከል የሸክላ ንጣፍ ሲኖር ግን ሸክላው ተፈጭቶ የስብራቱን ገጽ ይለቀልቃል። እርጥብ ሸክላ ያሟልጫል፤ ስለዚህ ስብራቱ ብዙ ግፊት ሳያጠራቅም ቀስ እያለ ሊጓዝ ይችላል።

ይህ ግን ዋስትና አይደለም። ከሌላ ቦታ የተነሣ ፈጣን መንሸራተት ሸክላው ጋ ሲደርስ፣ በውስጡ የታመቀው ውኃ በሰበቃ ሙቀት ግፊቱ ይጨምራል፤ ገጾቹም ያለብዙ ተቃውሞ ይንሸራተታሉ። አለቱ የኖራ ድንጋይ ባይሆንም፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጃፓን የባሕር ወለል 50 ሜትር ያህል የተንሸራተተው ስብራት ሲቆፈር ስስ የሸክላ ንጣፍ ተገኝቶበታል።

ለአቃቂ ምን ማለት ነው?

የአቃቂ አለት የኖራ ድንጋይ ሳይሆን እሳተ ገሞራ ወለድ ነው። ይሁንና ጤፍ የሚዘራበት ጥቁር አፈር፣ በጃፓኑ ስብራት ከተገኘው ሸክላ ጋር አንድ ወገን የሆነውን ስሜክታይት የተባለ ማዕድን በብዛት ይዟል። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ይህ የላይኛው አፈር መንቀጥቀጥ አያስነሣም፤ ነገር ግን በጠንካራ አለት ላይ ወፍራም ሆኖ ሲተኛ የመጣውን ንዝረት ሊያጎላ ይችላል።

ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ጥቁሩን አፈር አልፎ በጠንካራ መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ካልተቻለም ባለሙያ በነደፈው መሠረት መገንባት፣ ዓምዶቹን በማሰሪያ ምሰሶ ማያያዝና የዝናብ ውኃን ከግድግዳው ማራቅ ይኖርበታል። ከወቅት ጋር የሚሰፋና የሚጠብ የግድግዳ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የአፈሩ ምልክት ነው፤ ከንዝረት በኋላ የታየ አዲስ ስንጥቅ ግን ሳይውል ሳያድር በመሐንዲስ ሊታይ ይገባል።