ዳግማዊ ኢያሱ
ዳግማዊ ኢያሱ (1716–1747 ዓ.ም.) ከ1723 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። አባታቸው አፄ በካፋ፣ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

አፄ በካፋ ሲሞቱ ኢያሱ ሰባት ዓመት ገደማ ነበሩ። ከሕፃኑ ንግሥ በኋላ በዚያው ዓመት ምንትዋብም «ብርሃን ሞገሳ» በሚል የዙፋን ስም ዘውድ ጫኑ። ስለዚህ የልጃቸው ሞግዚት ብቻ ሳይሆኑ አብረው የነገሡ ነበሩ። ከቋራ ዘመዶቻቸውም ብዙዎቹን ሾሙ፤ ዋነኛው ወንድማቸው ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል ነበሩ። በ1725 ዓ.ም. አማፅያን ጎንደር ገብተው ቤተ መንግሥቱን ቢከቡም ድል አልቀናቸውም።

ኢያሱ ካደጉ በኋላም አስተዳደሩ በአብዛኛው በእናታቸው እጅ ቆየ። ራሳቸው በስናር ላይ የመሩት ዘመቻ በሽንፈት ተጠናቀቀ።

በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ከወሎ ኦሮሞ ከሆኑት ከባለቤታቸው ከውቢት የተወለዱት ሕፃኑ ኢዮአስ ነገሡ፤ ምንትዋብም እንደገና ሞግዚት ሆኑ። አሁን ግን የንጉሡ እናት ውቢት ስለነበሩ የቋራና የወሎ ወገኖች ለሥልጣን ተፎካከሩ። በዚህ መካከል ከትግራይ የመጡት ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። ይህ ዓመት የዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል።